የጫጩት ቀንና የሆሊስ ሽጉጥ

ስልኩ ውስጥ መጀመሪያ የተሰማው የሰው ድምፅ አልነበረም። ጭውጭውታ ነበር፤ ቀጭን፣ የማያባራ፣ እርስ በርሱ የሚሻማ። ኔታ ዓይኗን ሳትገልጥ ስልኩን ጆሮዋ ላይ ለጥፋ አዳመጠችው። ሕልም ውስጥ ያለች መሰላት፤ የሆነ ቦታ፣ የሆነ ጠባብ ነገር ውስጥ፣ ብዙ ትንንሽ ፍጥረቶች ስሟን የሚጠሩ ይመስል ነበር።

«ኔታ፣ የኔ ማር፣ ቀሰቀስኩሽ?» አለች የፖስታ ቤቷ ሴትዮ ከጫጫታው በላይ እየጮኸች። «ጫጩቶቻችሁ ደርሰዋል። ቤቱን በጩኸት አፈረሱት። ቶሎ በዪና ሆሊስን ላኪልኝ፣ ሳጥኑ...» ድምፅዋ ተቆረጠ። ጫጩቶቹ ብቻቸውን ጮኹ። «ውይ በሞትኩት! ምን ዓይነት አፍ ነው ያለኝ? ኔታዬ፣ ይቅር በይኝ!»

«ምንም አይደል» አለች ኔታ። «እኔ መጥቼ እወስዳቸዋለሁ።»

ሆሊስ ክራዶክ ከሞተ ያለፈው ገና አንድ ሌሊት ነበር። በገዛ ሱቁ ውስጥ፣ በከብት መኖው ጆንያና በምስማሩ ሣጥን መካከል፣ ደረቱን ይዞ ቁጭ አለ፤ አልተነሣም። ጫጩቶቹን ግን ክረምቱ ሳይወጣ ነበር ያዘዛቸው። በኮልድ ፎርክ ጸደይ የሚገባው ሣሩ ሲያቆጠቁጥ አይደለም፤ የክራዶክ ሱቅ የጫጩት ቀን ሲደርስ ነው። ያን ቅዳሜ የሸለቆው ልጅ ሁሉ እናቱን እየጎተተ ይመጣል፣ በገንዳው ዙሪያ ይንጠለጠላል፣ የራሱን ጫጩት ይመርጣል፣ ስም ያወጣላታል፣ ሳጥን ውስጥ አድርጎ ጭኑ ላይ ይዟት ይሄዳል።

ኔታ ሳጥኖቹን ከፖስታ ቤት ጭና በቀጥታ ወደ ሱቁ ነዳች። በሩን ከፍታ ገባች፤ ጫጩት አይጠብቅም። የከብት ማጠጫውን ገንዳ ሰጋቱራ አለበሰችው፣ ቀዩን የሙቀት አምፖል ሰቀለች፣ ውሃ ቀዳች። ከዚያ አባቷ እንደሚያደርገው እያንዳንዱን እያነሣች መንቆሩን ውሃ ታስነካው ጀመር። አባቷ ይህን ሲሠራ አይቸኩልም ነበር። እያንዳንዱን ጫጩት መዳፉ ላይ አቁሞ «እንኳን ደኅና መጣህ፤ መንገዱ እንዴት ነበር?» ሳይል አያወርደውም። ኔታ የመጀመሪያዎቹን ዝም ብላ አጠጣቻቸው። ኋላ ላይ ግን አንዷ ከአውራ ጣቷ ሥር አንገቷን አውጥታ ትክ ብላ ስታያት «እንኳን ደኅና መጣሽ» አለቻት።

ቤት ስትመለስ ማድ ቤቱ በሰውና በሳህን ተጨናንቋል። ጎረቤት ሁሉ በየሳህኑ ሥር ስሙን በፕላስተር ለጥፎ አምጥቷል፤ በአይብ የተጋገረ ፎሶሊያ፣ የተሞላ እንቁላል፣ የሙዝ ፑዲንግ። የሟች እኅት፣ የኔታ አክስት ለርሊን፣ እጅጌዋን ሰብስባ እንደ ጦር አዛዥ መሐል ላይ ቆማለች።

«ሌላ የአሳማ ጭን መጣ!» አለች ኔታን ስታያት። «ጌታ ይየው! የዚህ አገር ሰው ሞት ሲሰማ የሚታየው አሳማ ብቻ ነው እንዴ? ሆሊስ አይበላው፤ እኛ ደግሞ ስኳራችን ከፍ ብሏል።»

«እማዬ የት ናት?»

«መስኮቱ ጋ። ከነጋ ይህችን አንዲት ጥያቄ ብቻ ነው የምትጠይቀው። ‹ዴልመር መጣ?› ‹አልመጣም።› ‹ዴልመር መጣ?› ‹አልመጣም ኦሊታ።› እኔማ አፌ ተላጠ።»

ዴልመር ፋውትስ የሆሊስ የልጅነት ጓደኛ ነበር። ጧት ጧት ሱቁ ሲከፈት ይመጣል፣ ምድጃው አጠገብ ካለው ወንበር ላይ ይቀመጣል፣ ሱቁ ሲዘጋ ይነሣል። ሆሊስ ሲወድቅም አጠገቡ የነበረው እሱ ነው። ከዚያ ወዲህ ግን የክራዶክን ቤት ደጃፍ አልረገጠም።

ቀብር አስፈጻሚው አርቪል የመጣው በዚህ መሐል ነው። ባርኔጣውን በአንድ እጁ፣ ቡናማ የወረቀት ከረጢት በሌላው ይዞ የኔታ እናት ፊት ቆመ።

«ወይዘሮ ኦሊታ፣ የለበሰው ልብስና ዕቃው ነው። እርስዎ እጅ ይግባ ብዬ ነው።»

ኦሊታ ከረጢቱን ጭኗ ላይ አድርጋ አንድ በአንድ አወጣች። ሸሚዙን አሸተተችው። መነጽሩን በቀሚሷ ጫፍ ወልውላ አጠፈችው። ሰንጢውን፣ ቀበቶውን፣ በመጨረሻም የሽጉጡን ማኅደር። ማኅደሩ እጇ ላይ ቀለላት። ገለበጠችው። ቡናማ ፍርፋሪ ቀሚሷ ላይ ተበተነ እንጂ ሌላ ነገር አልወደቀም።

«ብስኩት» አለች ፍርፋሪውን እያራገፈች። «አልጋ ላይም እንዲሁ ነበር። ሽጉጡስ አርቪል?»

አርቪል ባርኔጣውን አሽከረከረ። «እኛ ጋ ሲመጣ ማኅደሩ ባዶ ነበር ወይዘሮ ኦሊታ። ወንድሜም አይቷል፣ እኔም አይቻለሁ።»

ማድ ቤቱ ውስጥ ያለው ሰው ሁሉ ወደ ማኅደሩ ዞረ። ቀጥሎ ሁሉም ባንድ ጊዜ አወራ። መጨረሻ ላይ ከሁሉም በላይ የተሰማው የለርሊን ድምፅ ነበር። «ደረቱን ውጋት ሲይዘው አውጥቶ የሆነ ቦታ አስቀምጦታል፤ አለቀ። እዚያው ሱቁ ውስጥ ነው። መደርደሪያ ላይ ይሆናል፣ ዘሩ ውስጥ ይሆናል፣ ማን ያውቃል?»

«ጥይት ጎርሶ ነው የሚውለው» አለች ኦሊታ። ዓይኗ ኔታ ላይ ነበር። «ቅዳሜ ልጆች ይመጣሉ።»

«ቅዳሜን እንዝለለው፣ እማዬ።»

«ሆሊስ የጫጩት ቀን ዘግቶ አያውቅም። ጫጩቱንስ ምን ልታደርጊው ነው? አልጋሽ ሥር ልታሳድጊው?» ቀና አለች። «ግን ስሚኝ ልጄ። ያ ነገር ሳይገኝ አንድ ሕፃን እዚያ ሱቅ አይገባም። አንድም። ሲገኝ ደግሞ አንቺ ትታጠቂዋለሽ። ብቻዋን የቆመች ሴት ባዶ ወገቧን ስትሆን እንቅልፍ አይወስደኝም።»

ኔታ ፍርፋሪውን ከወለሉ ትጠርግ ጀመር። እናቷ እንቅልፍ አይወስደኝም ስትል የአፍ ወግ እንዳልሆነ ታውቃለች።

ሆሊስ መሣሪያ የሚወድ ሰው ሆኖ አይደለም የታጠቀው። አንድ ክረምት አውራ ጎዳናው ላይ ያለው ነዳጅ ማደያ ተዘረፈ፤ ሽማግሌውን ገንዘብ ተቀባይ በድብደባ ጥርሱን አረገፉት። ከዚያ ቀን ጀምሮ ኦሊታ የባሏ መኪና መብራት መንገዱ ላይ እስኪታይ ድረስ መስኮቱ ጋ ትቆማለች፤ ሌሊት ደግሞ ቁጭ ብላ ታድራለች። ሆሊስ ለመናት፣ ቀለደባት፣ ተቆጣት። ሁሉም አልሆን ሲለው አንድ ጧት ሄዶ ገዝቶ መጣ። ሸሚዙን በጀርባው በኩል ገልጦ «በይ፣ ይኸው፤ ድንጋይ ታጠቅሁልሽ» አላት። ያን ሌሊት ኦሊታ እስከ ረፋድ ተኛች።

ሱሪው ግን ተቸገረ። ሆሊስ ዳሌ ያልፈጠረበት ሰው ነበር፤ ሽጉጡ ሱሪውን ወደ ታች፣ እሱ ሱሪውን ወደ ላይ ሲጓተቱ ይውላሉ። በዚያ ሱቅ ይህን አይቶ የሚስቅ ደንበኛ አልነበረም። ከደንበኛው ግማሹ ራሱ ሸሚዙ ሥር የደበቀው አለ። ሁለት ሰዎች አንድ ጆንያ ለማንሣት ጎንበስ ሲሉ ሸሚዛቸው ከፍ ይላል፤ ሁለቱም ያያሉ፣ ሁለቱም እንዳላዩ ሆነው ስለ ዝናብ ያወራሉ። ጨዋነቱ እንዲህ ነው። ወንድ ሲታቀፍም እጅ ከትከሻ አይወርድም፤ ከጎድን በታች ያለው የባለቤቱ ምሥጢር ነው። ኔታም አባቷን ከታጠቀ ወዲህ አቅፋው የምታውቀው አንገቱን ብቻ ነበር።

ቀትር ላይ ኔታና ለርሊን ሱቁን ሊበረብሩ ሄዱ። በሩን ሲከፍቱ የጎረቤት ውሻ፣ ጆሮው መሬት የሚጠርግ ሽማግሌ ውሻ፣ በመሐላቸው ሾልኮ ገባ። የሒሳብ መክፈያውን ባንኮኒ ዞሮ ሆሊስ የሚቆምበትን ቦታ አሸተተ፣ ደጋግሞ አሸተተ፣ ከዚያ እዚያው ተጋድሞ የሚያለቅስ መሰለ።

«አየሽ? ውሻ እንኳ የሚከተለው ሰው ነበር» አለች ለርሊን አፍንጫዋን እየጠረገች። «ባለፉት ሁለት ዓመታት ደግሞ ባሰባቸው። ገበያ ሲወጣ የከተማው ውሻ ሁሉ ከኋላው ነበር። እንደ ጳጳስ!»

የዘሩን ሣጥን በረጅም ማስመሪያ ወጋች። ኔታ ምስማሩን በየዓይነቱ ገለበጠች። የቀለም ቆርቆሮዎቹን አወረዱ፣ የገመዱን ጥቅል ፈቱ፣ ምድጃውን አመድ በአመድ ሆነው ፈተሹ። ለርሊን የፈረስ ኮርቻ ውስጥ እጇን ሰድዳ ጮኸች፤ አይጥ ነበረች። ገንዳው ውስጥ ያሉት ጫጩቶች ሳይቀሩ ተፈናቅለው ሰጋቱራቸው ተበጠረ።

«እኔ የምልሽ» አለች ለርሊን ጆንያ ላይ ዘፍ ብላ፣ ሱቁ ውስጥ ሌላ ሰው ያለ ይመስል ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ። «ሲወድቅ አጠገቡ የነበረው ማነው? ዴልመር። እስከ ዛሬ እግዜር ያጥናችሁ ያላለን ማነው? ዴልመር።»

«አክስቴ!»

«ምን አልኩ? ስም ጠራሁ እንጂ ሌባ አልኩ?»

«ጋሽ ዴልመር መሣሪያ በእጁ አይነካም። ታውቂያለሽ።»

እውነቷን ነው። ዴልመር በወጣትነቱ ከጦር ሜዳ ተመልሶ የመጣ ዕለት ጠመንጃውን ለወንድሙ ሰጥቶ በቃኝ ብሏል። ወንዶቹ አጋዘን ሊያድኑ ሲወጡ እሱ ድንኳን ጠባቂና ወጥ ሠሪ ነው። ከኮልድ ፎርክ ወንድ ሁሉ ሳይፈሩ ወገቡን ይዘው ሊያቅፉት የሚቻለው እሱ ብቻ ነበር፤ ኔታም ከሕፃንነቷ ጀምሮ የምታቅፈው እንደዚያ ነው።

ማታ ኦሊታ «ተገኘ?» አለች። «አልተገኘም» አለች ኔታ። እናቷ ወደ መስኮቱ ዞረች። «እንግዲያው ጫጩቱን በነፃም ቢሆን በየቤቱ እናድላለን። የሆሊስ ሱቅ ግን ይዘጋል» አለች። ኔታ ይህን የሰማችው እንደ ሁለተኛ መርዶ ነበር። አንድ ጊዜ የጫጩት ቀን ያለፈው ሱቅ፣ ባለቤቱም የሌለ፣ እናቷም የምትፈራው፣ መልሶ እንደማይከፈት ሆዷ ነገራት።

በማግሥቱ የስንብቱ ምሽት ነበር። ሆሊስ በአርቪል ቤት አዳራሽ፣ በአበባ መሐል፣ የማይወደውን ከረቫት አስረውለት ተጋድሟል። ሕዝቡ እስከ መንገድ ተሰልፏል። ሰው ሁሉ ኔታን በትከሻዋ ያቅፋታል፣ ስለ አባቷ አንድ ነገር ይላል፣ ያልፋል፤ ወደ ኋላ ሲል ደግሞ ያንሾካሹካል።

«አልተገኘም አሉ።»

«እኔ መኖው ጆንያ ውስጥ ነው የምለው። የገዛሁትን ቤት ወስጄ ዘረገፍኩት።»

«እኛ ልጆቹን ቅዳሜ አናመጣም። ሆሊስን እወደዋለሁ፤ ግን ልጅ ነው።»

«ሆሊስ እኮ ነው ልጆቻችንን ያለ ሥጋት እንድናመጣ ያደረገን። እሱ ታጥቆ እዚያ ከቆመ ማን ይደፍራል?»

ኔታ ይህን ሁሉ ትሰማለች፤ የሰማች ግን አትመስልም። ሰልፉ ሊያልቅ ሲል ዴልመር ብቅ አለ። የጠበበው ጥቁር ኮት ትከሻው ላይ ተወጥሯል፤ ጢሙን ሲላጭ አገጩን ቆርጧል። ኔታ ስታየው ለርሊን ያለችውም፣ የእናቷ ቅያሜም ከልቧ ጠፋ። «ጋሽ ዴልመር!» ብላ እንደ ልጅነቷ ወገቡ ላይ ተጠመጠመች።

እጇ ከኮቱ ሥር ደረቅ ነገር ነካ።

ዴልመር አገጩ ፀጉሯ ላይ እንዳረፈ፣ «በጓሮ በር» አላት።

ጓሮው ውስጥ የአበባ ማመላለሻው መኪና ቆሟል፤ ከዚያ ወዲያ ሜዳ ነው። ዴልመር ባርኔጣውን አውልቆ ግንባሩን ጠረገ።

«የሱ ነው?» አለች ኔታ።

«የሱ ነው።»

«ጋሽ ዴልመር፣ ሱቁን እኮ ገለበጥነው! አክስቴ አይጥ ጨብጣለች! እማዬ ልትዘጋው ነው!»

«አሁን ነው የሰማሁት፤ ሰልፍ ላይ። እናንተ ስትፈልጉ እንደዋላችሁ ማን ነገረኝ? ቤቴን ዘግቼ ነበርኩ።» ጫማውን አየ። «ሲወድቅ አልወሰድኩበትም። ቀድሞ ነው የሰጠኝ። ከሰጠኝ ቆየ።»

ከዚያ ነገራት። ከሁለት ጸደይ በፊት፣ የጫጩት ቀን፣ ሱቁ በልጅ ተሞልቶ ሳለ ሆሊስ ሽንት ቤት ገባ። ሱሪ ሲወርድ ሽጉጥ ይወድቃል፤ ስለዚህ የታጠቀ ሰው ሁሉ እንደሚያደርገው አውጥቶ የወረቀቱ ማስቀመጫ ላይ አኖረው። ውጭ አንዲት ሴት «ሆሊስ፣ ጫጩቶቹ ከገንዳው ወጡ!» ብላ ጮኸች። ሆሊስ ሱሪውን እየታጠቀ ሮጠ።

«ከሱ ቀጥላ የገባችው ማርሊ ነበረች» አለ ዴልመር።

ማርሊ የዴልመር የልጅ ልጅ ናት፤ ያኔ ቁመቷ ከበሩ እጀታ አይበልጥም።

«ስትወጣ በሁለት እጇ ይዛዋለች። ጫጩት እንደምትይዘው፣ እንዳይደነግጥባት ተጠንቅቃ። ቀጥ ብላ ወደ ሆሊስ ሄደችና ‹አያ ሆሊስ፣ ይህን ረሳኸው› አለችው። ሰው ሁሉ ገንዳው ላይ ነበር፤ ያየነው እሱና እኔ ብቻ ነን። ተንበርክኮ ተቀበላት። ‹አመሰግናለሁ የኔ እመቤት› አላት። እንዲህ ነው ያላት ኔታ፣ ድምፁ ሳይንቀጠቀጥ። ከዚያ ከሱቁ ጀርባ ሄዶ አንጀቱ እስኪወጣ አስታወከ።»

ኔታ ግድግዳውን ተደገፈች።

«‹ውሰድልኝ› አለኝ። ‹ጣለው› አልኩት። ‹ለኦሊታ ቃል ገብቻለሁ፤ የለም ካልኳት አትተኛም። ሱቁ ውስጥ አለ ብዬ ሳልዋሽ መማል እችል ዘንድ አንተ ይዘህልኝ ዋል› አለኝ። እንቢ እንዳልለው ፊቱን አየሁት። ያዝኩለት። ይኸው እስከ ዛሬ።»

«አንተ? አንተ ታጥቀህ ምድጃው ጋ?»

«እኔ ታጥቄ ምድጃው ጋ።»

«ሽንት ቤት ስትገባስ?»

ዴልመር ለመጀመሪያ ጊዜ ቀና ብሎ አያት። «እዚያ ሽንት ቤት ገብቼ አላውቅም። ቤቴ እየሄድኩ ነው የምሸናው።»

ኔታ አፏን በእጇ ከደነች። ያ ሁሉ ቀን፣ ወሬ መሐል ድንገት ብድግ ብሎ መኪናውን አስነሥቶ የሚሄደው፣ ተመልሶ የሚመጣው፣ እነሱም ድመቱን ሊያበላ ነው ሲሉ የነበረው!

«የአባባ ማኅደር ግን ሁሌ ያበጠ ነበር። ምን አድርጎበት ነው?»

«የውሻ ብስኩት።»

ሳቁ ከየት እንደ መጣ አታውቅም። ከጣቶቿ መሐል አፈትልኮ ወጣ፣ ዴልመርንም ያዘው፤ ሁለቱ ከአስከሬኑ ቤት ጀርባ ግድግዳ ይዘው፣ እንባቸው እየወረደ፣ ድምፃቸውን አፍነው ሳቁ። ሲበርድላቸው ዴልመር ባርኔጣውን ጭንቅላቱ ላይ ደፋ።

«ለኦሊታ እኔ ልንገራት» አለ። «ይህን ወገቤ ላይ ይዤ ‹እግዜር ያጥናሽ› ልላት ስላልቻልኩ ነው ያልመጣሁት።»

ሰው ከተበተነ በኋላ ኦሊታ ከባሏ ራስጌ ወንበር ላይ ተቀምጣ አገኟት። ዴልመር ፊቷ ቆሞ ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ ነገራት። ሲጨርስ ኦሊታ ወደ ሆሊስ ዞረች።

«ሁለት ዓመት ሙሉ» አለች፣ ለባሏ ነው የምትናገረው፣ «የውሻ ብስኩት ተማምኜ ነው የተኛሁት?»

«አዎ ኦሊታ» አለ ዴልመር።

ተነሥታ በቦርሳዋ ትከሻውን መታችው። ደገመችው። «አንተስ! አንተስ ለዚህ ነው ደጄን የረሳኸው? ባሌን ልቀብር ነው ስል አንተንም ልቀብርህ? ደደብ! ሽማግሌ ደደብ!» ሦስተኛውን ሳትሰነዝር ሳቀች፤ ሳቁ መሐል ላይ ተሰበረና ሆሊስ ከሞተ ጀምሮ ያላለቀሰችውን ለቅሶ የዴልመር ጠባብ ኮት ላይ ለቀቀችው። ዴልመርም ሊያባብላት ሲል ራሱ ባሰበት፤ ኔታ ሁለቱንም ይዛ ቆመች።

ኋላ ላይ ኦሊታ ዓይኗን ጠርጋ «አራግፈው» አለችው። ዴልመር ለረጅም ጊዜ ባልሠራበት እጅ፣ ግን ሳይሳሳት፣ ጥይቱን አንድ በአንድ አወጣ። «ቤት ካለው የብረት ሣጥን ይገባል። ቁልፉን እኔ ነኝ የማዞረው» አለች ኦሊታ።

«ኔታስ አትታጠቀውም?» አለ ዴልመር።

እናትና ልጅ ተያዩ። ኔታ ከመነሻው ስትፈራው የቆየችው ጥያቄ ነበር።

«ቅዳሜ የሚመጣው የልጅ መንጋ ነው እማዬ» አለች። «እጄም ወገቤም ነፃ ይሁንልኝ።»

«እኔስ? በምን ልተኛ?»

«ከኔ ጋር ነይ። ሱቅ እየዋልሽ ማታ ሲደክምሽ ትተኛለሽ።»

ኦሊታ ቦርሳዋን ዘጋች። «ብስኩቱንም ቢሆን ታጠቂ እንግዲህ» አለች በመጨረሻ። «ውሾቹ እንዳይቀየሙን።»

ሆሊስን በማግሥቱ ቀበሩት። መንገድ ላይ የሚመጣ መኪና ሁሉ ዳር ይዞ ቆመ፤ የማያውቁት ሰዎች ሳይቀሩ ባርኔጣቸውን አወለቁ። ሽጉጡ ተገኘ የሚለው ወሬ ከቀብሩ ቀድሞ ከተማውን አዳርሷል፤ የት ተገኘ ለሚል ሰው ለርሊን «ሰው እጅ ነበር፣ በደኅና እጅ» ትላለች፤ የስድብ ያህል ጠንከር አድርጋ።

ቅዳሜ ውርጭ ወርዶ አደረ። ሱቁ ሳይከፈት ልጆች በሩ ላይ ተኮልኩለው አፋቸው እየጨሰ ይጠብቁ ነበር። ኔታ ስትከፍት ጎርፍ ገባ። ገንዳው በኮት ተከበበ። «ያቺ! ያቺ ጥቁሯ!» «እኔ ቀድሜ ነው ያየኋት!» «እማዬ፣ ሁለት! በጌታ ሁለት!» ኦሊታ ባንኮኒው ጀርባ ሆሊስ ይቆምበት የነበረው ቦታ ላይ ቆማ ሳጥን እያጠፈች ትሰጣለች፤ የደነገጠ ልጅ ስታይ «በጣትህ አትጭመቃት፣ መዳፍህን ቤት ሥራላት» ትላለች። ማርሊ ከእናቷ ጋር መጥታ አንዷን ጫጩት መርጣለች፤ ስሟን ግን ለማንም አልናገርም ብላለች። ዴልመር ምድጃው ጋ ወንበሩ ላይ ነው። የሰው ድምፅ፣ የጫጩት ድምፅ፣ የበሩ ደወል አንድ ላይ ሆኖ ኔታ ለአፍታ ሁሉም እንደ ነበረ የሆነ መሰላት።

ከወደ ኋላ፣ ከብረታ ብረቱ መደርደሪያ ጀርባ፣ አንድ ገበሬ ጮክ ብሎ ተጣራ።

«ሆሊስ! የበር ማጠፊያውን የት አደረስከው?»

ሱቁ ቀጥ አለ። ገበሬው ከመደርደሪያው ጫፍ ብቅ ሲል ፊቱ ቲማቲም ሆኖ ነበር፤ ኮፍያውን አውልቆ ደረቱ ላይ ያዘ።

«ከታች፣ በስተቀኝ» አለች ኦሊታ። ድምፅዋ ጸና። «ከቅባቱ ቆርቆሮ ጎን።»

«አመሰግናለሁ እመቤቴ» አለ ሰውየው። አንድ ልጅ ጫጩቷ ጣቱን ነቁራው ሳቀ፤ ሱቁ እንደገና ተንጫጫ።

ዴልመር የያዘውን ሲኒ ምድጃው ጠርዝ ላይ አስቀመጠ። ተነሣ። ባርኔጣውን አደረገ፤ ማንንም ሳያይ በልጆቹ መሐል ተሹለክልኮ ወጣ። ደወሉ ከኋላው አቃጨለ።

«አያቴ ወዴት ሄደ?» አለች ማርሊ።

ኔታ በመስኮቱ አየችው። በሱቁ ጎን፣ ፀሐይ ባልደረሰበት ጥላ ውስጥ፣ የሆሊስ አሮጌ ፒክአፕ በሞተበት ቀን ባቆማት ቦታ እንደ ቆመች ናት፤ ለማንቀሳቀስ የደፈረ የለም። የፊት መስታወቷ በውርጭ ነጭ ሆኗል። ዴልመር አጠገቧ ቆመ። ከኪሱ የሆነ ጠፍጣፋ ነገር አውጥቶ ውርጩን ይፍቅ ጀመር፤ በነጂው በኩል ብቻ፣ ሆሊስ ሊነዳት የሚገባ ይመስል፣ መንገዱ እንዲታየው የሚበቃውን ያህል። የቀረውን በኮቱ እጅጌ ወለወለው። ጎንበስ ብሎ በጠራው መስታወት ወደ ውስጥ አየ።

ከዚያ የራሱን መኪና እዚያው ትቶ፣ እጁን ኪሱ ከትቶ፣ መንገዱን ይዞ በእግሩ ወረደ።